የስንዴው መድኃኒት ቲማቲሙን ሲያገኘው

የቲማቲሙ ቅጠል መጀመሪያ ጫፉ ላይ ይጠባል። ቀጥሎ እየረዘመ እየቀጠነ ይሄድና የቲማቲም ቅጠልነቱ ይጠፋዋል፤ ጅማቶቹ እንደ ሣር ጎን ለጎን ይሰለፋሉ። ለጋው ግንድ ተጠማዞ ወደ መሬት ይጎነበሳል፣ አበባው ይረግፋል። ገበሬው ይህን ሲያይ ቶሎ ወደ አእምሮው የሚመጣው ነጭ ዝንብ ነው። ነጭ ዝንብ ቅጠል የሚያጠቀልል ቫይረስ ከተክል ወደ ተክል እንደምታዛምት በመቂም፣ በባቱም፣ በቆቃም ቲማቲም ያለማ ሰው ሁሉ ያውቃል። ስለዚህ የነፍሳት መድኃኒት ገዝቶ ይረጫል። ቅጠሉ አይመለስም። ሌላ ዓይነት፣ ውድ የተባለውን ይገዛል። አሁንም አይመለስም።

ከቦዩ ማዶ ግን የጎረቤቱ ስንዴ አረም የሚባል ሳይታይበት ለምለም ሆኖ ቆሟል። የችግሩ መነሻ ያለው እዚያ ነው። ስንዴውን ያጸዳው መድኃኒት በነፋስ ተሻግሯል፤ ካልሆነም በአንድ የተዋሱት መርጫ ታዝሎ ቲማቲሙ ድረስ መጥቷል።

ስለ ቲማቲምና ስለ አረም ማጥፊያ ሲነሳ ወሬው ሁልጊዜ «የትኛው መድኃኒት ይሻላል?» ወደሚለው ያዘነብላል። ሻጩም፣ ገበሬውም፣ አንዳንዴ ባለሙያውም የሚጠይቁት ይህንኑ ነው። የዚህ ጽሑፍ አቋም ሌላ ነው። በኢትዮጵያ የስምጥ ሸለቆ የቲማቲም ማሳዎች ላይ አስቀድሞ መልስ የሚሻው ጥያቄ ማሳው ላይ መድረስ የሌለበት መድኃኒት እንዴት ይደርሳል የሚለው ነው። ለቲማቲም የተሠራውን አረም ማጥፊያ መምረጥ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ጉዳይ ነው።

የስንዴና የጤፍ ገበሬ አብዝቶ የሚያውቀው አረም ማጥፊያ ቱ-ፎር-ዲ ነው። ርካሽ ነው፣ ከአገር ቤት ገበሬ ጋር አሥርት ዓመታት የቆየ ትውውቅ አለው፣ ሰፋፊ ቅጠል ያላቸውን አረሞች ሲገድል ሣር መሰሎቹን ጤፍንና ስንዴን ይምራል። ከቲማቲም ጋር ያለው ትውውቅ ደግሞ ከዚህም የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1942 በኒው ዮርክ ግዛት ዮንከርስ በነበረው የቦይስ ቶምሰን የዕፅዋት ምርምር ተቋም ዚመርማንና ሂችኮክ የተባሉ ተመራማሪዎች ይህ ውህድ የዕፅዋትን የዕድገት ሆርሞን አስመስሎ በኃይል እንደሚሠራ አሳዩ። ከመሞከሪያ ተክሎቻቸው ዋነኛው ቲማቲም ነበር። ቲማቲም የተመረጠው ለሆርሞን ወዲያው ስለሚታዘዝ ነው፤ ጥቂት ጠብታ ሲያርፍበት ቅጠሉ ይጎብጣል፣ ግንዱ ይጠማዘዛል። ውህዱ እ.ኤ.አ. በ1945 አረም ማጥፊያ ሆኖ ገበያ ላይ ዋለ። ቲማቲም ለቱ-ፎር-ዲ ስስ መሆኑ እንግዲህ ከመጀመሪያውም የተሰወረ ነገር አልነበረም።

ትንሽ ነገር ለማከል ያህል፣ ይኸው ውህድ እጅግ በቀጠነ መጠን ሲሆን ለቲማቲም ይጠቅማል። ብርድ ወይም ሙቀት የአበባን ዱቄት ሲያመክን በትንሹ አበባው ላይ ቢነካ ፍሬ ያስይዛል፤ በአንዳንድ አገራት ዛሬም በመስታወትና በፕላስቲክ ቤቶች ውስጥ ይሠራበታል። ፍሬ በሚያስይዘውና ማሳ በሚያበላሸው መጠን መካከል ያለው ርቀት ግን በገበሬ ዓይንና በቆርቆሮ ክዳን የሚለካ አይደለም። ለስንዴ ከሚረጨው መጠን መቶኛው እጅ ብቻ ቲማቲም ላይ ቢያርፍ ጉዳቱ በዓይን ይታያል።

ቀድሞ በዚህ ጉዳይ ገበሬውን የጠበቀው የወቅቱ ልዩነት ነበር። ጤፍና ስንዴ የክረምት ሰብል ናቸው፤ የቱ-ፎር-ዲ ርጭትም በክረምት ያልቃል። ቲማቲም ደግሞ በብዛት የበጋ፣ የመስኖ ሥራ ነው፤ በዝናብ ወቅት ዋግና የቅጠል በሽታ ስለሚጨርሱት የሚደፍረው ጥቂት ነው። ሁለቱ በአንድ መሬት አጠገብ ለአጠገብ ቢኖሩም በአንድ ወቅት አይገናኙም ነበር። ከ2011 ዓ.ም. ገደማ ወዲህ ግን የበጋ መስኖ ስንዴ መጣ። አዋሽ ዳር፣ መቂ ወንዝ ዳር፣ ዝዋይ ሐይቅ ዙሪያ፣ የውኃ ሞተር የሚደርስበት መሬት ሁሉ ለስንዴም ሆነ ለአትክልት ተፈላጊ ሆነ። አገር ስንዴዋን ራሷ ለማምረት መነሣቷ የሚነቀፍ አይደለም። ግን ስንዴው ወደ በጋ ሲመጣ መድኃኒቱን አስከትሎ መጥቷል፤ በክላስተር ተደራጅቶ በአንድ ጊዜ የሚረጭ ሰፊ የስንዴ ማሳ ከሩብ ሄክታር የቲማቲም መደብ ጋር ጎረቤት ሲሆን ምን እንደሚደረግ አስቀድሞ በቅጡ የተነጋገረበት አልታየም።

ነፋሱ ራሱ ሁለት መልክ አለው። አንደኛው በዓይን የሚታየው ነው፤ ከኖዝሉ የወጣው ደቃቅ ጠብታ ተንሳፎ ድንበር ይሻገራል። ዝዋይ አካባቢ ከሰዓት በኋላ የሚነሣውን ነፋስ የሚያውቅ ሰው በዚያ ሰዓት መርጫ አያዝልም። ብዙ ሰው ታዲያ ነፋስ የለም ብሎ ጎሕ ሲቀድ ይረጫል። እዚህ ላይ ሌላ ወጥመድ አለ፤ ንጋት ላይ ቀዝቃዛው አየር ከመሬት ጋር ተጣብቆ፣ ሞቃቱ ከላይ እንደ ክዳን ሲደፋበት ደቃቁ ጠብታ ወደ ላይም ወደ ታችም ሳይሄድ እንደ ጉም ተንጠልጥሎ ይቆይና በቀስታ ወደ ዝቅተኛው መሬት ይንሸራተታል። ዝቅተኛው መሬት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ውኃ አጠገብ ያለው የአትክልት መሬት ነው። ፀሐይ ወጥታ መሬቱ ትንሽ ከሞቀ በኋላ፣ ነፋሱ ገና ቅጠል ብቻ በሚያወዛውዝበት የረፋድ ሰዓት መርጨት የተሻለ የሚሆነው ለዚህ ነው። ሁለተኛው መልክ አይታይም። ኤስተር የሚባለው የቱ-ፎር-ዲ ዓይነት በሞቃት ቀን ከተረጨ በኋላ ከቅጠልና ከአፈር ላይ ተንኖ ይነሣል፤ አሚን የሚባለው ዓይነት የመትነን ባሕርይው አነስተኛ ነው። ልዩነቱ በመያዣው ላይ በትንሽ ፊደል ተጽፏል። አሚን ወይስ ኤስተር ብሎ የሚጠይቅ ገዢ፣ ጠይቆም ልዩነቱ የሚነገረው ገዢ ስንት ነው?

ከነፋሱ ይልቅ ተንኮለኛው መርጫው ነው። የቲማቲም አምራች መርጫውን አያወርድም ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2012 ቱታ አብሶሉታ የተባለችው የቲማቲም እሳት እራት ኢትዮጵያ ውስጥ መታየቷ ከተመዘገበ ወዲህ ደግሞ ርጭቱ ብሷል። ለቱታ ይረጫል፣ ለዋግ ይረጫል፣ ለነጭ ዝንብ ይረጫል። በጀርባ የሚታዘለው ያው አንድ መርጫ ትናንት የዘመድ ስንዴ ላይ ቱ-ፎር-ዲ ሲረጭ ውሎ ከነበረ፣ ዛሬ በፈንገስ መድኃኒቱ ውስጥ ተደባልቆ ቲማቲሙን ያገኘዋል። ፕላስቲኩ ታንከር፣ የላስቲኩ ቱቦ፣ ማጣሪያው፣ ጎማዎቹ መድኃኒቱን ይመጥጡታል፤ አንድ ጊዜ በውኃ አለቅልቆ መድፋት አያወጣውም። «ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል» የሚለው ተረት ለመርጫ የተነገረ እስኪመስል ድረስ ጥፋቱ ሁሉ ከአያያዝ ነው። ደግሞ የሚታጠበው የት ነው? ቦይ ውስጥ፣ ሐይቅ ዳር። የዚያኑ ቦይ ውኃ ከታች ያለው ሰው ቲማቲሙን ያጠጣበታል።

ይህን ሁሉ ሲሰማ አንድ አንባቢ «ለቲማቲም የተሠራ አረም ማጥፊያ የለም ወይ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። አለ። በዓለም ላይ ስሙ የታወቀው ሜትሪቡዚን ነው፤ ከእ.ኤ.አ. 1970ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ሲሠራበት ቆይቷል። አረሙ ፀሐይን ተጠቅሞ ምግቡን እንዳያዘጋጅ ያደርገዋል፤ ቲማቲም ግን መድኃኒቱን በውስጡ አፍርሶ ጉዳት አልባ የማድረግ ችሎታ ስላለው ይተርፋል። ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ መልካም ነበር።

አያልቅም። ቲማቲም መድኃኒቱን የሚያፈርሰው ጠንካራ ሲሆን፣ ፀሐይ ሲጠግብ ነው። ደመናማና ቀዝቃዛ ቀናት ካለፉ በኋላ ችግኙ ይሳሳል፤ የመያዣው ጽሑፍ ከእንዲህ ያለ አየር በኋላ ለሦስት ቀናት ያህል አትርጩ የሚለው ለዚህ ነው። ከመደብ ተነቅሎ ገና ሥር ያልያዘ ችግኝም አይችለውም። አንዱ ዝርያ ሲታገሥ ሌላው ይቃጠላል። አፈሩ ቀላል አሸዋማ ከሆነ መድኃኒቱ በመስኖ ውኃ ታጥቦ ወደ ሥር ይወርዳል፤ የዝዋይና የመቂ አካባቢ መሬት ሰፊው ክፍል ደግሞ ቀላልና አሸዋ የበዛበት ነው። በላይ በላዩ፣ የቲማቲም የሥጋ ዘመድ የሆነው አውጥ ይተርፋል። ቤተሰቡ አንድ ስለሆነ ቲማቲምን የማረ መድኃኒት አውጥንም ይምራል። ማሳውን በዚህ መድኃኒት ለጥቂት ዓመታት ደጋግሞ ያከመ ሰው አሉማውንና ሌላውን አጽድቶ፣ ለአውጥ ሰፊ ሜዳ አዘጋጅቶለት ይገኛል።

እንግዲህ መድኃኒቱ መጥፎ ነው ማለት አይደለም። በሠለጠነ እጅ፣ መጠኑ ተለክቶ፣ ሰዓቱ ተጠብቆ ሲሠራበት የብዙ ሰው ጉልበት ያድናል። ግን አንድ ጠርሙስ ሜትሪቡዚን የሚሸጥለት ገበሬ አብሮት ይህን ሁሉ ዕውቀት ካልተሸጠለት የተሸጠለት ግማሽ ዕቃ ነው።

በቲማቲም ላይ አረም ጉዳት የሚያደርሰው ዘመኑን ሁሉ እኩል አይደለም። ችግኙ ከተዛወረበት ቀን ጀምሮ ያሉት አራት፣ አምስት፣ ግፋ ቢል ስድስት ሳምንታት ናቸው ወሳኞቹ። በዚያ ጊዜ ውስጥ ማሳው ንጹሕ ከሆነ ተክሉ ተንሰራፍቶ መሬቱን ይሸፍናል፤ ከዚያ በኋላ የሚበቅለው አረም ምርት የመቀነስ አቅሙ ትንሽ ነው፣ ምንም እንኳ ለቀማ ቢያውክና ለበሽታ መጠለያ ቢሆንም። ይህ ማለት ድካሙንም ገንዘቡንም እዚያች አንድ ወር ተኩል ላይ ማፍሰስ ነው። እንዲያውም ከዚያ በፊት ያለችው ሳምንት ትበልጣለች። መደቡን አዘጋጅቶ፣ ችግኝ ሳይተክሉ ውኃ ማጠጣት፤ አረሙ ተታሎ ሲወጣ ከላይ ከላይ መጨረፍ ወይም ለዚህ የሚሆን፣ አፈር ውስጥ የማይሠራ አረም ማጥፊያ መርጨት፤ ከዚያ አፈሩን እንደገና ሳይገለብጡ መትከል። ግላይፎሴት ለቲማቲም ገበሬ አንዳች ጥቅም አለው ከተባለ ጥቅሙ እዚህች ቦታ ላይ ነው፤ ቲማቲሙ ከቆመ በኋላ ግን በመደቦቹ መካከል ሊረጩበት የሚሞክሩ ሰዎች አንዲት የተሳሳተች የነፋስ ሽውታ ስንት ችግኝ እንደምታስከፍል ከራሳቸው ማሳ ተምረዋል።

እንግጫ ግን ለዚህ ዘዴም አይበገርም። ሥሩ ላይ ያሉት ፍሬዎች ከመሬት በታች ተቀምጠው ደጋግመው ይበቅላሉ፤ በሌላው ዓለም መደብ የሚሸፈንበትን ፕላስቲክ እንኳ እንደ መርፌ በስቶ ይወጣል። ሰርዶም እንደዚሁ ነው፤ በዶማ በቆራረጡት ቁጥር ይባዛል። እነዚህ ሁለቱ ያሉበት መሬት ላይ ቲማቲም ከመትከል በፊት አንድ ወቅት ሌላ ሰብል ማሳለፍ፣ ደረቅ በጋ ላይ አርሶ ሥሩን ለፀሐይ ማስጣት ይቀላል።

በሌላ በኩል የእጅ አረማን እንደ ንጹሕና ቅዱስ ሥራ የሚያወድሱ ሰዎች አሉ። እነርሱ ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብለው አያውቁም። በካሊፎርኒያ የእርሻ ሠራተኞች ለአሥርት ዓመታት እጀታዋ አጭር የሆነች መኮትኮቻ እየያዙ ወገባቸው እስኪሰበር ይሠሩ ነበር፤ የግዛቷ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጉዳዩን ካየው በኋላ እ.ኤ.አ. በ1975 መሣሪያዋ ታገደች። በስምጥ ሸለቆው የቲማቲም ማሳ የሚያርሙት የቀን ሠራተኞች፣ ብዙዎቹ ሴቶች፣ ማጭድ ይዘው ወይም በባዶ እጅ ነው የሚውሉት። የቀን ሠራተኛ ዋጋ ሲጨምር ገበሬው ወደ መድኃኒት ሱቅ መሄዱም ከስንፍና አይቆጠርም። ቁጭ ብሎ አስልቶ ነው። ረጅም እጀታ ያለው፣ በመደብ መካከል የሚገፋ መኮትኮቻ በየወረዳው ቢቀርብ ከብዙ ጠርሙስ መድኃኒት ይልቅ ዋጋውን ቶሎ በመለሰ ነበር። ይህን የሚያመጣ ነጋዴ ለምን እንደጠፋ ማሰብ ይገባል።

መድኃኒትና ዕውቀት ሲገናኙ ምን እንደሚሠራ ለማየት ደግሞ ወደ አንድ ክፉ አረም መሄድ ነው። የማሽላ አቀንጭራ ዘመድ የሆነው ኦሮባንኪ አረንጓዴ ቅጠል የለውም፤ የቲማቲምን ሥር ጠብቶ ይኖራል። ከመሬት በላይ ሲታይ ጉዳቱ ካለቀ በኋላ ነው። አንዷ ተክል በአሥር ሺዎች የሚቆጠር አቧራ መሳይ ዘር ትበትናለች፤ ዘሩ አፈር ውስጥ ከአሥር ዓመት በላይ ተኝቶ የቲማቲም ሥር ሽታ ይጠብቃል። ይህ አረም በኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ የቲማቲም ማሳዎች ላይም አለ። በእስራኤል፣ በነዌ ያዓር የምርምር ማዕከል ያሉ ሳይንቲስቶች ከዚህ አረም ጋር ብዙ ዘመን ታግለው አንድ ነገር ደረሱበት፦ አረሙ ከመሬት በታች የሚያድግበት ፍጥነት በአፈሩ ሙቀት ይታወቃል። ስለዚህ ሙቀቱን ከተከላ ቀን ጀምሮ እየደመሩ፣ አረሙ ሥር ላይ በሚጣበቅበት ቀን ላይ ትንሽ መጠን ያለው መድኃኒት ከመስኖው ጠብታ ጋር መላክ ነው። ዘዴውን ፒክኢት ብለው ጠሩት። የዓለምን የቲማቲም ድልህ ግዙፍ ክፍል የምታመርተው ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. ከ2017 ወዲህ ቅርንጫፋሙ ኦሮባንኪ ማሳዎቿ ላይ ዳግም ሲገኝ የተበከለውን ማሳ ሰብል አግዳ፣ የራሷን ዘዴ ለመሥራት የተነሣችው ከዚሁ የእስራኤል ልምድ ነው። በዚህ ዘዴ ውስጥ መድኃኒቱ ጥቂት ግራም ነው። የቀረው ቴርሞሜትርና ሒሳብ ነው።

የኢትዮጵያው ገበሬ የሚገዛው መድኃኒት ግን አንዳንዴ የራሱ መያዣ እንኳ የለውም። ከትልቁ ጀሪካን ወደ ሃይላንድ ጠርሙስ ተገልብጦ፣ በቃል ብቻ «ለአረም ነው» ተብሎ ይሸጣል። ምን እንደሆነ፣ ስንት እንደሚለካ፣ አፈር ውስጥ ስንት ወር እንደሚቆይ የሚናገረው ጽሑፍ ሱቁ ውስጥ ቀርቷል። የመጨረሻው ጥያቄ ቀላል አይደለም፤ ለስንዴ ከሚረጩት አንዳንዶቹ አፈር ውስጥ ወራት ይቆያሉ፣ ስንዴው ታጭዶ በዚያው መሬት ላይ የተተከለ ቲማቲም ደግሞ ሳይረጭ ይጎዳል። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2008 የሆነው ከዚህም የባሰ ነበር፦ የግጦሽ ሣር ላይ የተረጨ አሚኖፓይራሊድ የተባለ አረም ማጥፊያ በከብቱ ሆድ አልፎ፣ በፍግ ውስጥ ተርፎ፣ የጓሮ አትክልተኞችን ቲማቲም አጠማዘዘ፤ ሽያጩም ለጊዜው ታገደ። ሰዎቹ መድኃኒት አልገዙም፣ አልረጩም። ፍግ ብቻ ነበር ያደረጉት።

ሕጉ አለ። የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 ያልተመዘገበ መድኃኒት እንዳይሸጥ፣ የተመዘገበውም ገላጭ ጽሑፉን ይዞ እንዲሸጥ ይጠይቃል። ከሃይላንድ ጠርሙሱ ፊት ለፊት ቆሞ አዋጁን የሚያስከብረው ግን የወረዳው ባለሙያ ነው፤ እርሱም አንዳንዴ የመጓጓዣ ገንዘብ የለውም። ተጨማሪ አዋጅ ከመጻፍ ይልቅ ለዚህ ሰው ሞተር ብስክሌትና ሥልጣን መስጠት ይቀድማል። ጽሑፉም ገበሬው በሚያነበው ቋንቋ፣ በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም፣ «ቲማቲም አጠገብ አትርጩ» የሚል በሥዕል የተደገፈ መስመር ይኑርበት።

የቀረው በገበሬዎች መካከል የሚያልቅ ነገር ነው። የመስኖ ውኃ ተጠቃሚዎች ማኅበራት የውኃ ተራ ያወጣሉ፤ የርጭት ቀንና ሰዓት የማያወጡበት ምክንያት የለም። የስንዴው ክላስተር ሊረጭ ሲል የቲማቲሙ ባለቤት ቀድሞ ይወቅ፤ ነፋሱ ወደ አትክልቱ ከነፈሰ ርጭቱ ለነገ ይደር፤ በድንበሩ ላይ ያሉት ጥቂት ትልሞች ሳይረጩ በእጅ ይታረሙ። ለአረም ማጥፊያ ብቻ የሚሆን፣ ቀይ ቀለም የተቀባ መርጫ በጋራ ቢገዛ ዋጋው ከአንድ የተበላሸ ማሳ ያንሳል።

የተበደረ መርጫ ከመጠቀም ሌላ ምርጫ የሌለው ሰው ደግሞ የሚያደርገው አለ። ከቦዩ ርቆ ሦስት ጊዜ ይጠበው፤ ጥቂት አሞኒያ ያለበት ውኃ ሞልቶ ያሳድረው፤ ጠዋት በኖዝሉ በኩል አፍስሶ፣ ማጣሪያውንና ኖዝሉን ፈትቶ እንደገና ያለቅልቀው። ከዚያ ንጹሕ ውኃ ጨምሮ፣ ለመትከል ሳይመረጡ መደቡ ላይ የቀሩ ሦስት አራት የቲማቲም ችግኞች ላይ ይርጨውና ጥቂት ቀናት ይጠብቅ። ዮንከርስ ላይ እ.ኤ.አ. በ1942 የተሠራው ምርመራ ይህንኑ ይመስላል። ቅጠሎቹ ቀጥ ብለው ከዋሉ መርጫውን ይዘል፤ ከጎበጡ እንደገና ይጠብ።